ሎሚና ጉንጬ

አንባቢ ሆይ፣ በጉርምስናዬ ዘመን ብጉር በጉንጬ ላይ ወጥቶ ሲድን ጥቁር ነጠብጣብ ትቶብኝ ነበር። ሎሚ መልክን ያጠራል ሲባል ሰምቼ ስለ ነበር፣ አንድ ቀን ጧት ሎሚ ሰንጥቄ ጉንጬን አሸሁና ፀሐይ ላይ ዋልሁ። ማታ ጉንጬ እንደ እሳት ፈጀኝ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ነጠብጣቡ በመጥፋት ፈንታ ሰፍቶና ጠቁሮ አገኘሁት። እናቴ አይታ፣ «ልጄ፣ ሎሚ ለአፍ እንጂ ለጉንጭ መቼ ተፈጠረ?» አለችኝ።

የነገሩ ምሥጢር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ይህንንም ቀለም በቆዳችን ውስጥ ያሉ ልዩ ሴሎች ታይሮሲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ይሠሩታል፤ ሥራውን የሚያስጀምረውም ታይሮሲኔዝ የተባለ፣ መዳብ ያለበት ኤንዛይም ነው። በሎሚ ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ወደ ሜላኒን ሊለወጥ የተቃረበውን ንጥረ ነገር ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ በዚህም የቀለሙ መፈጠር ይዘገያል።

ይህን የመሰለውን በዓይንህ ለማየት ብትሻ፣ ድንች ልጠህ ለሁለት ክፈል፤ አንዱን ግማሽ ሎሚ ቀባው፣ ሌላውን እንዲሁ ተወው። ያልተቀባው ሲጠቁር የተቀባው ነጣ እንዳለ ይቆያል። ድንቹን የሚያጠቁረው ኤንዛይም በቆዳችን ካለው ጋር ዝምድና አለውና፣ የሎሚው ኮምጣጣነትና ቫይታሚን ሲ ተጋግዘው ያግዱታል።

ታዲያ በድንች የሠለጠነው ሎሚ በጉንጬ ላይ ስለ ምን ከሸፈ? ድንቹ የተቆረጠ ገላ ነው፤ ቆዳ ግን ጠንካራ የላይ ሽፋን ስላለው ቫይታሚኑን በቀላሉ አያሳልፍም። ቫይታሚኑም አየርና ብርሃን ሲያገኘው ፈጥኖ ይበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን በሎሚ፣ ይልቁንም በልጣጩ፣ የሚገኙ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳን ማቃጠላቸው ነው። የተቃጠለ ቆዳም ራሱን ለመከላከል ሜላኒን ያበዛል፤ ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደን ጋሻ ነውና። እነሆ፣ ጋሻውን ልገፍ ብዬ አወፈርሁት።

ስለዚህ፣ ወዳጄ ሆይ፣ ሎሚውን ብላው። ቫይታሚን ሲ ድድህን ያጸናል፤ ቍስልህም እንዲጠግግ ይረዳል። ነጠብጣቡን ግን ለጊዜ ተውለት። እኔ ጊዜ ሊያደበዝዘው የነበረውን ጥቁረት በችኮላዬ አበረታሁት፤ እስኪለቀኝም ድረስ መስተዋት ስሸሽ ከረምሁ።