«የትኛው ነው ቆንጆ?»

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፖስታ ነው። ዙሪክ የሚኖርና በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል የሚሠራ ወጣት ወገናችን፣ ለእንቁጣጣሽ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ፎቶግራፎች ይዞ ወደ ጄኔቫ መጣ። በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ነው። ያን ያህል የተጓዘው እኔ በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ እሠራ እንደነበር ስለሰማ «እሱ ይይልኝ» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ የሚያህሉትን ፎቶዎች እንደ ካርታ ተጫዋች በግራ እጄ አገላብጬ፣ ቀኝ እጄን ከእንጀራው ሳላነሳ «ቆንጆ ናቸው! በርታ!» አልኩት።

ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «የትኛው ነው ቆንጆ፣ ጋሼ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከላይ የነበረውን ብድግ አድርጌ «ይሄ» አልኩ። ፎቶው በፕላስ ዴ ናሲዮን፣ በተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ፣ ከዚያ አንድ እግሩ ከተሰበረው ትልቅ የእንጨት ወንበር ሥር የተደረገ ሰላማዊ ሰልፍ ነበር። (ወንበሩ 12 ሜትር ቁመት ያለው የዳንኤል ቤርሴ ሥራ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የተተከለው በመሬት ውስጥ ፈንጂ አካላቸው የጎደለውን ሰዎች ለማሰብ ነው። ሥሩ ቆመን የጮኽነው ብዙ ነን፤ ለምን እንደተሠራ የጠየቅን ግን ጥቂት ሳንሆን አንቀርም።) በፎቶው ላይ ባንዲራ አለ፣ የተከፈቱ አፎች አሉ፣ ከፊት ደግሞ ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት አለች። ልጁ ደስ ብሎት በትልቁ አሳጥቦ ከመግቢያው በር ትይዩ ሰቀለው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ያቺው እህታችን እራት ልትበላ ገባች። ፎቶው ፊት ብዙ ቆመች። ቀጥሎም ወደኔ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ ይህ ፎቶ ይውረድልኝ፤ እናቴ አገር ቤት ናት» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኋትም።

አውርደን ጠረጴዛ ላይ ስናጋድመው ነው ፎቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ሰልፉ የሰኔ ነው፤ ፀሐዩ በሰዎቹ ግንባር ላይ ያበራል። እሷ ግን የነጠላዋን ጥለት በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ አፍንጫዋ እየሳበች ነው፤ ጥለቱ ሳይደርስ ካሜራው ቀድሟታል። በዚያ ፀሐይ ማን ይበርደዋል? ሴትየዋ እየተሸሸገች ነበር። ለግማሽ ደቂቃ ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ማየት ይችል ነበር። የስዊዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 28 የሰውን ማንነት ስለሚጠብቅ፣ መልኳ ያለ ፈቃዷ ቢሰቀል መክሰስ ትችል ነበር። እሷ ግን ለምና ብቻ ሄደች።

ለልጁ ደውዬ ስነግረው «ጋሼ፣ ቆንጆ ነው ብለውኝ ነበርኮ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው የሆንኩበት ምክንያት አለኝ፤ ሰበብ ነው ብትሉኝም አልከራከርም። በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ሰሞን እሠራበት በነበረው የጋዜጣ ክፍል ፎቶ አንሺ ሥራውን ይዞ ሲገባ የሚጠብቀው ስድብ ነበር። አለቃችን አንዴ ገረፍ አድርጎ ያይና «ይሄ ለሱቅ መጠቅለያ ይሁን» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይወረውርለታል፤ እኛም እንስቃለን። አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተባለ በኋላ አልተመለሰም። ፎቶዎቹ ምን እንደጎደላቸው ማናችንም አልነገርነውም፤ ማናችንም አላየናቸውማ። ስደት ወጥቼ እንዲህ ያለ ሰው ላልሆን ማልኩ፤ መሐላውም «ቆንጆ ነው» ባይ አደረገኝ። እዚህ ደግሞ ሁሉም ሰው ቁስለኛ ነው። አንዱ የጥገኝነት ማመልከቻው ተመልሶበታል፣ ሌላው ዲፕሎማው አይሠራም ተብሎ ሳህን ያጥባል። በዚህ ላይ «ፎቶህ ደክሟል» ብሎ የሚጨምር ማን ጨካኝ ነው? ስለዚህ ሁላችንም ለሁሉም ነገር «ይበል!» እንላለን።

«ይበል» ግን የቅኔ ቤት ቃል ነው፤ እዚያ በርካሽ አይገኝም። ተማሪው ከጉባኤ ቃና፣ ከዚያች ባለሁለት ቤት አጭር ቅኔ ይጀምርና የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ያሰማል። መምህሩ ሰሙና ወርቁ የት ላይ እንዳልተገናኙ፣ የትኛው ቃል ቦታውን እንደሳተ ነጥሎ ያርመዋል። ተማሪው ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። መታረሙ የትምህርቱ አካል ስለሆነ ማንም እንደ ውርደት አያየውም። አባቶቻችን ለቃል ያደረጉትን እኛ ለፎቶ ማድረግ ለምን አቃተን?

በጥቅምት ወር ዙሪክ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ አንድ ስምምነት አደረግን፤ በፎቶው ውስጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ሳንናገር «ቆንጆ» ወይም «አይረባም» ማለት የለም። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሰባት ፎቶ ብቻ አየን። ቡናው ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ።

አንደኛው ፎቶ ጓደኛው በሊማት ወንዝ ዳር በበረዶ መካከል የቆመበት ነው። በረዶው አመድ መስሏል፤ የጓደኛው ፊት ደግሞ ከሰል። «ፊቱ አይታይም» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ልጁም ዓይን አለው፣ ያውቀዋል። ስለዚህ «ምን ልታሳየኝ ፈልገህ ነበር?» አልኩት።

«ዓይኑን» አለኝ። «ያን ቀን የመኖሪያ ፈቃዱ መጥቶለት ነበር።»

አሁን የምንነጋገርበት ነገር አገኘን። ካሜራ ፊቱ ያለውን ብርሃን የሚለካው ሁሉም ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ በማሰብ ነው። ነጭ በረዶ ሲሞላበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ በረዶው ይጠቁራል፣ የእኛ ፊት ደግሞ አብሮ ይጨልማል። መፍትሔው በካሜራው ላይ ፕላስ አንድ ወይም ፕላስ ሁለት አድርጎ ብርሃን መጨመር፣ ወይም ቀረብ ብሎ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ መለካት ነው። ልጁ እጁ ጥሩ እንዳልሆነ ሲያስብ ነው የከረመው። ፊልም በነበረበት ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል፤ የቆዳ ቀለም የሚስተካከለው በእሷ ነበር። በየቤታችን አልበም ውስጥ ያሉት የጨለሙ የሠርግ ፎቶዎች ጥፋት ሁሉ የሠፈራችን ፎቶ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ልጁ የኔን ማየት ለመደ፤ የሌላ ሰው ሥራ ላይ አፉን መክፈት ግን ፈራ። ስለዚህ የማይቀየመን ፎቶ አንሺ ፈለግን። ዋልተር ሚተልሆልዘር የሚባለው የዙሪክ አብራሪ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የተሸጠ የፎከር አውሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ ፎቶ አንስቷል፤ ሥራውም እዚያው ዙሪክ፣ በኢቴሃ ቤተ መጻሕፍት የምስል ክፍል ይገኛል። በ1937 በተራራ አደጋ ስለሞተ ምንም ብንለው አይሰማም። ከሰማይ ያነሳው መሬት ልጁን አፉን አስከፈተው። ሰዎችን ያነሳባቸው ፎቶዎች ጋ ስንደርስ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ፤ «ይሄ ሰውዬ ጋሼ፣ ከላይ ሲያይ ያውቃል፣ ሲቀርብ ግን ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም»። ካየናቸው መካከል አውሮፕላኑ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደነበር ተጽፎ የሰዎቹ ስም የሌለበት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በፎቶዎቹ ላይ የሚያውቀውን የሚነግረው ሰው ይቀበላል፤ ቦታና ልብስ የምታውቁ አረጋውያን ብታዩዋቸው ከብዙ ፕሮፌሰር የበለጠ ትናገራላችሁ።

አገር ቤት ይህ ነገር ወግ እየያዘ ነው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከኤግዚቢሽኑ ጎን ወጣቶች ሥራቸውን ለባለሙያ አሳይተው አስተያየት የሚቀበሉበት ነበረው። እኛም በማኅበራችን የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ አንድ ጠረጴዛ ብንለይለት ኪራይ አይጨምርብንም። ክርክሩን ደግሞ እናውቅበታለን።

ባለፈው ሳምንት ልጁ አንድ አዲስ ፎቶ ላከልኝ። የካርቶን ሻንጣ የተደገፈበት የመኖሪያ ካምፕ ኮሪደር ነው። ሰው የለበትም፤ የማንንም እናት አያስጨንቅም። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። ግራ ጥግ ላይ አንድ የልጅ ጫማ አለ፣ አንድ ብቻ፣ ማሰሪያው የተፈታ። አውቆ አስገብቶት ይሁን ሳያየው የገባ አላወቅሁም። ቅዳሜ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።