አንደርማት፤ ከተራራው ግርጌ የምትታደሰው መንደር

በስዊስ አገር ከጎሸነን ጣቢያ ተነሥተን፥ በጥርሳም ሐዲድ በምትወጣው ትንሽ ባቡር የሾለነንን ገደል ስንያያዘው፥ የሮይስ ወንዝ ከበታቻችን ያጓራ ነበር። በገደሉ ላይ «የሰይጣን ድልድይ» የሚባለው ይታያል። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ ሰይጣን ድልድዩን የሠራላቸው አስቀድሞ የሚሻገረውን ነፍስ በዋጋ ሊወስድ ነበር፤ እነርሱ ግን ፍየል አሻገሩለት ይባላል። ነገሩ ተረት ቢሆንም፥ የዚህ ሸለቆ ሕዝብ በውል ነገር እንደማይሞኝ ያመለክታል።

ከገደሉ በላይ 1,444 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው አንደርማት 1,500 ያህል ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት። ቀድሞ የጎታርድን ተራራ የሚያቋርጥ መንገደኛ ሁሉ ያድርባት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. የባቡር፥ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የመኪና መንገድ በተራራው ሆድ ውስጥ ሲከፈት፥ መንገደኛው በበታችዋ ያልፍ ጀመር። ለብዙ ዘመን ያኖራት የጦር ሠራዊቱ ነበር፤ እርሱም ጓዙን ሲቀንስ ተስፋዋ መነመነ።

በ2005 ዓ.ም. ሳሚህ ሳዊሪስ የተባሉ ግብጻዊ ባለሀብት ወደዚህ መጡ። በቀይ ባሕር ዳር ኤል ጉናን በበረሃ ላይ የቆረቆሩ ሰው ናቸው። ሠራዊቱ ይጠቀምበት በነበረው መሬት ላይ 6 ሆቴሎች፥ 500 ያህል አፓርትማዎችና የጎልፍ ሜዳ ያሉበት አዲስ ሰፈር ለመሥራት ዐቀዱ። ስዊስ ለውጭ አገር ሰው ቤት መሸጥን የሚገድብ ሕግ አላት፤ መንግሥቱ ግን በ2006 ዓ.ም. ይህን ሥራ ከሕጉ ነፃ አደረገው። የመንደሩም ሕዝብ በድምፁ ዕቅዱን ደገፈ።

ይህ ሕዝብ ለመጣው ሁሉ እሺ የሚል አይደለም። ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል ሸለቆውን በግድብ ውሃ ለመሙላት ታስቦ በነበረ ጊዜ፥ በ1946 ዓ.ም. የዕቅዱን መሐንዲስ ከመንደራቸው አባረዋል። ያ ሀብት መንደራቸውን የሚያሰጥም ነበር፤ ይህኛው ግን ሰው የሚመልስላት ሆኖ ታያቸው።

በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቅ ሆቴል ተከፈተ፤ በ2019 ዓ.ም. የሙዚቃ አዳራሽ ተመረቀ። ገንዘቡ በብዛት የመጣው ከባለሀብቱ ኪስና ከአፓርትማዎቹ ሽያጭ ነው። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ቬይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የስኪውን ድርጅት 55 በመቶ ድርሻ በ149 ሚሊዮን ፍራንክ ያዘ። ከዚህ ውስጥ 110 ሚሊዮኑ ለተራራው ሥራ፥ 39 ሚሊዮኑ ግን በግርጌው ላለው ግንባታ እንዲውል ተመደበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሽቦ ገመድ ሰው የሚያወጣው ማመላለሻ እጅግ ውድ ነው፤ በረዶውም የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ከታች የሚያድር እንግዳ ከሌለ ከላይ ያለው ማመላለሻ ባዶውን ይዞራል፤ ማመላለሻው ካልተሻሻለም የሚያድር አይገኝም።

ነገር ግን ማታ በአዲሱ ሰፈር ስንዘዋወር የብዙዎቹ ቤቶች መስኮቶች ጨለማ ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ለዕረፍት ብቻ የሚመጡ ናቸው። የቤት ዋጋም እጅግ ንሯል፤ በዚሁ የተወለደ ወጣት ጎጆ ለመውጣት ቢያስብ፥ የሚወዳደረው ከሩቅ አገር ባለጸጋ ጋር ነው። በጌምስሽቶክ ተራራ ላይም፥ ግግር በረዶው በበጋ ፀሐይ እንዳያልቅ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል።

ሳዊሪስ ለአንደርማት ያመጡት መልካም ዕድል መሆኑን አንክድም፤ ያለ እርሳቸው መንደሪቱ ሽማግሌዎች ብቻ የሚቀሩባት ትሆን ነበር። ቢሆንም የሆቴል ብዛት ብቻውን መንደር አያቆምም። ከሚመጣው ፍራንክ ጥቂቱ ለአገሬው ልጆች በሚችሉት ኪራይ ቤት ቢሠራበት፥ በረዶው ቢሳሳ እንኳ በአንደርማት መብራት የሚያበራ አይታጣም። ፍየሏን ያሻገሩ ሰዎች ይህን ሳያስቡበት አይቀሩም እንላለን።