በልጆቹ እርምጃ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 33፥12-17

 

ለስብከት እንጸልያለን፣ ለዝማሬ እንዘጋጃለን፤ ጉዞ ሲሆን ግን መኪናውን፣ ምግቡንና ማደሪያውን "ኮሚቴው ይጨርሰው" ብለን እናልፋለን። በመኪና ኮንትራት ዙሪያ መንፈሳዊ ነገር ይኖራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። እኛ ኮተቤ ውስጥ በየሳምንቱ በየቤታችን እየተሰበሰብን ቃሉን የምናጠና የኅብረት ቡድን ነን። ባለፈው ታኅሣሥ ከደብረ ብርሃን የሚመጡ 47 እንግዶችን ተቀብለን ለሦስት ቀን አዲስ አበባን እንድናሳያቸው አደራ ተሰጠን።

እንግዶቹ ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ፣ እዚያ ያለች አንዲት አጥቢያ የምትጎበኛቸው ቤተሰቦች ናቸው። 29 አዋቂዎች፣ 18 ልጆች። አብዛኞቹ አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ልጆቹ በአስተባባሪዋ እህት በኩል አስቀድመው የላኩልን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ባቡሩን እናያለን ወይ?

አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ሰው ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያ ይዞ ይቀመጥ። በኅዳር ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት እሑድ መስቀል አደባባይና ዙሪያው ለመኪና ዝግ ነው። በየካቲት ገደማ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲመጣ መንገዶች ለእንግዶች አጀብ ይዘጋሉ፣ ማደሪያዎችም ይሞላሉ። በክረምት እንጦጦ መውጣት ደግሞ ጭቃና ጉም ፍለጋ መውጣት ነው። ታኅሣሥ አጋማሽን የመረጥነው እነዚህን ሁሉ አስልተን ነው። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር በሉቃስ 14 ሲናገር፣ ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ ማስተማሩ ነው፤ ምሳሌው የሚሠራው ግን ሰሚዎቹ ሁሉ ሂሳብ ሳይሠራ የጀመረ ሰው አይተው ስለሚያውቁ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ወንድም ሥራው የድርጅቶችን ጉዞና ስብሰባ ማዘጋጀት ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ይዞ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ከእሱ ብዙ ተምረናል። ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ጻፉ። የሾፌሩና የረዳቱ ምሳ በማን ሂሳብ እንደሆነ በዋዜማው ሳይሆን ውል ስትገቡ ተነጋገሩ። ከጠቅላላው ወጪ አሥር በመቶውን ለመጠባበቂያ አስቀምጡ። ከመገናኛ የሚያልፍ ማንኛውም ፕሮግራም ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ ይሁን። ይህ ሁሉ እንዲህ ነጥብ በነጥብ የሚያስብ ሰው በሌለበት የሚባክን የወንድሞች ገንዘብ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅም የእሱ ነበር፦ ሁለት ኮስተር፣ ልጆቹ በአንዱ ከሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ጋር እየዘመሩና እየተጫወቱ፣ ወላጆች በሌላው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርትና በአንገት የሚንጠለጠል ስም የተጻፈበት ካርድ። በቀን አምስት ቦታ። ለመሥሪያ ቤት የቤተሰብ ቀን ከዚህ የተሻለ ዕቅድ አይወጣም። ከመወሰናችን በፊት ግን ለአስተባባሪዋ ደውለን አነበብንላት።

ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ በቀስታ፣ "ልጆቹ በሌላ መኪና ከሆኑ እናቶቹ አይመጡም" አለችን። እነዚህ እናቶች ከቤታቸው በወጡበት ቀን ማን በየትኛው መኪና እንደተጫነ ሳያውቁ ያደሩ ናቸው። ከልጇ ጋር የተገናኘችው ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ ቆጥራ የምትነግራችሁ እናት አለች። ስለ ካርዱም ጠየቅናት። "ቲሸርቱ ለልጆቹ ደስታ ነው። ካርዱ ግን ይቅር፤ የእህል ወረፋ ይመስላቸዋል።"

እዚህ ላይ ነው ዘፍጥረት 33ን ያነበብነው። ዔሳው አራት መቶ ሰው አስከትሎ መጥቶ፣ ወንድሙን አቅፎ አልቅሶ፣ በል አብረን እንሂድ ይለዋል። ግብዣው የልብ ነው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ለጋ እንደሆኑ፣ በጎቹና ላሞቹም እንደሚያጠቡ፣ አንድ ቀን እንኳ አጣድፎ ቢነዳቸው መንጋው እንደሚያልቅ ይነግረዋል። እሱ ከኋላ፣ ከብቶቹና ልጆቹ በሚራመዱት ልክ ቀስ ብሎ ይመጣል። ያዕቆብ ለዔሳው የነገረው ሁሉ የልቡ ነበር ብለን አንከራከርም፤ ወደ ሴይር እመጣለሁ ብሎ ሱኮት ነው የቀረው፣ ተርጓሚዎችም በዚህ ይለያያሉ። ስለ ልጆቹ የተናገረው ግን እውነት ነው። ያዕቆብ ማን እንደሚደክም ያውቅ ነበር። ደግሞ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ፣ ከዚያች የትግል ሌሊት በኋላ ራሱም እያነከሰ ነበር። አራት መቶ ጤነኛ ወንዶች በሚሄዱበት ፍጥነት መሄድ ለእሱም የሚሆን አልነበረም።

ስለዚህ መኪናው አንድ ትልቅ ሃይገር ሆነ፣ አቀማመጡም በቤተሰብ። ወንድማችን የደቂቃ በደቂቃ ዝርዝሩን ራሱ ቁጭ ብሎ እንደገና ሠራው። በቀን አምስት የነበረው ቦታ ሁለት ሆነ፤ በመካከላቸው ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ሁለት ሰዓት። "ይህን ለድርጅት ባቀርብ ይባርሩኝ ነበር" ብሎ አሳቀን።

ቀጣዩ ጥያቄ ማደሪያ ነበር። ፔንሲዮኖች መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ከእንግዶቻችን ጥቂቶቹ መታወቂያቸው ከቤታቸው ጋር ቀርቷል። በየደጁ ቆሞ ሁኔታቸውን ለእንግዳ ተቀባይ ማስረዳት ሌላ ወረፋ ማሰለፍ ሆነብን። የቡድናችን አባላት በየቤታቸው ሊያሳድሯቸው ወሰኑ። ለወንጌል አማኞች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ሳለ ኅብረቱ የቀጠለው በየሰው ሳሎን ነው፤ ከእኛ ታላላቆች መካከል በዚያ መንገድ ጌታን ያገኙ አሉ። ከወሰን እስከ ካራ ባሉ 13 ቤቶች ፍራሽ ተነጠፈ። አንድ ቤት ውስጥ አስተናጋጆቹ መሬት ተኝተው እንግዶቹን አልጋ ላይ አስተኙ፤ ስለዚህም ሲከራከሩ አምሽተው እንቅልፍ ያገኘ አልነበረም ይባላል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉም በመኪናው ዙሪያ ሲሰበሰብ አንዲት እናት አልገባም ብለው ቆሙ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። "ማታ የሚመልሰን ይኸው መኪና ነው?" ብለው ጠየቁ። ነው አልናቸው። ደግመው ጠየቁ። በሦስተኛው ሾፌሩ ከወንበሩ ወርዶ መጣና፣ "እማማ፣ እኔው ነኝ የምመልስዎት፤ ስልኬን ይያዙ" ብሎ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። የእኛ ቡድን አባል አይደለም፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደሆነም አልጠየቅነውም። እማማ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ገቡ። መነሻችን 40 ደቂቃ ዘገየ። ለዚህም ነበር ያ ባዶ ሁለት ሰዓት።

ባቡሩን አየን። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ለእኛ ግፊያና ጥበቃ ነው፤ ለ18 ልጆች ግን የጉዞው ቁንጮ ሆነ። ከአያት ተሳፍረን መገናኛ ወረድን፣ መኪናው እዚያ ጠበቀን። ፒያሳ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያም ጎበኘን፤ አባቶች እዚያ ብዙ ቆዩ፣ ማንም አላጣደፋቸውም።

በሁለተኛው ቀን እንጦጦ ወጣን። ለከፍታው ብዙ ተጨንቀን ነበር፤ ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱም ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ግን ማን አስታወሰ! እንግዶቻችን ልጆቹን ይዘው በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ውስጥ ሲሮጡ፣ ቁልቁል ኑሮ የለመድን እኛ ዛፍ ተደግፈን ትንፋሽ ስንሰበስብ ነበር።

አስጎብኚያችን ከእኛው አጥቢያ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። በወጣትነታቸው ከዚያ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ሸጠው ልጆች አሳድገዋል። ምኒልክና ጣይቱ ከዚያ ተራራ ወርደው አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቆረቆሩባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ እጥረት እንደሆነ ነገርናቸው፤ ባሕር ዛፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳቁና፣ "እኔ ባዶ ጀርባዬን ስመለስ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። ጠዋት አልገባም ያሉት የደብረ ብርሃኗ እናት ይህን ሲሰሙ ጠጋ ብለው ክንዳቸውን ያዙ። ሁለቱ ከሁላችንም ኋላ፣ እየቆሙ፣ እያወሩ ሄዱ። ስለ ምን እንዳወሩ አልጠየቅንም። ድፎ ዳቦውና ሻዩ የተቆረሰውና የተቀዳው እነሱ ከደረሱ በኋላ ነው።

ቆጠራው ሌላ ትምህርት ነበር። ማርያምና ዮሴፍ ልጃቸው ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ መጓዛቸውን ሉቃስ 2 ይነግረናል። ትልቅ ጉዞ ላይ ሁሉም ሰው ልጁ ከሌላው ጋር ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ በካርድም በቁጥርም አልጠራንም፤ አሳዳሪው ቤተሰብ ሁሉ የራሱን እንግዶች በስም እያየ "የእኛ ቤት ሞልቷል" ይላል። 13 ቤት ሲሞላ መኪናው ይነሳል። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ወደዱት፤ በሦስተኛው ቀን ካራ ላይ ስንሸኛቸው ከእኛ ቀድመው "የእኛ ቤት ሞልቷል!" እያሉ ይጮኹ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት አስተባባሪዋ ደወለች። በሚያዝያ እኛን ሊጋብዙ ተነጋግረዋል። ስንት እንደምንሆን ጠየቀችን፤ ከዚያ ስንት ልጆች እንዳሉን፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንዳለ፣ እንጦጦ ላይ ዛፍ ተደግፈው የነበሩትም ይመጡ እንደሆነ። ሾፌሩ ያው እንዲሆን ደግሞ እማማ አደራ ብለዋል። ቁጥሩ አሁንም እሳቸው ጋ ነው።