በአንድ ስም የተጠሩ ሦስት አትክልቶች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይህ ስለ ሰው የተነገረ ነው፤ የአትክልትን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው መንገደኛና ጎረቤት፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ እኛ ያለ ሳያጣራ የሚናገር ባለቤት ነው። ስለዚህ በቤታችን የደረሰውን ነገር ለክቡራን አንባቢዎች ለማስታወቅ አሰብን።

በግቢያችን ቅጠላቸው ወፍራምና ውሃ አጠራቃሚ ሆኖ እንደ ጽጌረዳ አበባ ዙሪያውን የተደረደረ ሦስት ዓይነት አትክልቶች አሉ። አንደኛው ከአጥሩ ሥር፥ ሁለተኛው ከበሩ አጠገብ፥ ሦስተኛው በድንጋዩ ካብ ስንጥቅ ውስጥ በቅለዋል። እንግዳ መጥቶ ስማቸውን ሲጠይቀን «ሁሉም እሬት ነው» እያልን እንመልስ ነበር። ሥራችን በችሎት የሰውን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ፥ ምስክር ስሙን ሲነግረን የአባቱንና የአገሩን ስም ሳንጠይቅ አናልፍም፤ በገዛ ደጃችን ግን ይህን ጥንቃቄ ረሳነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ታናሽ ልጃችን የጋለ ድስት ነክታ እጇ ተቃጠለ። እኛም አሽከራችንን ጠርተን «ሂድ፥ ቶሎ እሬት ቆርጠህ አምጣ» አልነው። እርሱም ከእኛ አፍ የሰማውን ስም ይዞ ከበሩ አጠገብ ካለው ቆርጦ አመጣ፤ እኛም ሳንመረምር ጭማቂውን ቀባናት። ጥቂት ቆይታ ልጅቱ ከፊተኛው ይልቅ አብዝታ ትጮኽ ጀመር፤ ያልተቃጠለው ቆዳዋ እንኳ ቀልቶ አሳከካት። አማታችን ጩኸቱን ሰምተው መጡና ቁራጩን አይተው «ልጄ፥ ይህ ቃጫ ነው እንጂ እሬት አይደለም፤ ማን ነው እሬት ያለዎ?» አሉን። ያለው ማን እንደ ሆነ እናውቅ ነበርና ዝም አልን። እጇን በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበን ወደ ሐኪም ወሰድናት፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ዳነች። አሽከራችን ጥፋቱ የራሱ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ስለ ነበር፥ በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት ጠርተን «ያጠፋነው እኛ ነን» አልነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ለይተን ለማወቅ ተጋን። ከአጥሩ ሥር ያለው እውነተኛው እሬት ነው። በትግርኛ ዒረ፥ በኦሮምኛ ሀርጊሳ ይባላል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቆዳው ሥር ቢጫ መራራ ፈሳሽ ይወጣል፤ እናቶች ሕፃን ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት ይህን ነው። የቅጠሉ ውስጥ ግን የጠራ ዝልግልግ ነው። አበባው ትንሽ ቱቦ ይመስላል፤ ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልማማ የሆነ ትንንሽ ወፎች ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ። አብቦም አይሞትም፤ በየጊዜው ደግሞ ያብባል። በኢትዮጵያ ከ40 የሚበልጥ ዓይነት እሬት ሲኖር፥ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም።

ከበሩ አጠገብ ያለው ቃጫ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። የቅጠሉ ጫፍ እንደ ወስፌ ይወጋል፤ ሲቀደድ ለገመድ የሚሆን ጠንካራ ክር ይታያል፤ ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል። ብዙ ዘመን ሳያብብ ይኖርና አንድ ጊዜ ከ6 ሜትር የሚበልጥ ዘንግ አቁሞ ያብባል፤ ከዚያም ልጆቹን በሥሩ ትቶ ይሞታል። በስሙ የተሳሳትነውም እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች «የአሜሪካ እሬት» ብለውታል፤ ደግሞም በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚያብብ መስሏቸው «የመቶ ዓመት ተክል» ይሉታል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያብበው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው።

በካቡ ላይ ያለው ሦስተኛው እሾህ የለውም፤ አበባው እንደ ጥቃቅን ቢጫ ኮከብ ነው። ሊቃውንት አዮኒየም ሌውኮብሌፋሩም ይሉታል። ሁለተኛው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ነጭ የዓይን ሽፋን ማለት ነው፤ በእውነትም የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ሽፋሽፍት ባሉ ነጫጭ ጸጉሮች የተከበበ ነው። ዘመዶቹ በብዛት የሚገኙት ከዚህ ርቆ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ባሉት በካናሪ ደሴቶች ነው።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ለያንዳንዱ ተክል ሁለት ሁለት ስም ሰጠ፤ ፊተኛው የወገኑ፥ ሁለተኛው የራሱ መለያ ነው። ይህን ባወቅን ጊዜ የገዛ ሥራችንን አስታወሰን። እኛ የሰውን ስም አስቀድመን የአባቱን እናስከትላለን፤ እርሱ የወገኑን አስቀድሞ የራሱን አስከተለ። የሁለቱም አሳብ አንዱ በሌላው ስም እንዳይጠራ ነው።

ዘንድሮ ቃጫው ዘንጉን ማቆም ጀምሯል። ልጃችን በየማለዳው ወጥታ ትናንት ከነበረበት ምን ያህል እንዳለፈ ትመለከታለች፤ እንደሚሞትም ስለ ነገርናት ከሥሩ ያሉትን ልጆቹን ውሃ ታጠጣለች። በሦስቱም ፊት በትንሽ እንጨት ላይ ስማቸውን ጽፋ የተከለች እርሷ ናት። አሁን እንግዳ ሲመጣ ስማቸውን የምትነግረው እርሷ ስትሆን፥ እኛ ከኋላዋ ቆመን እንሰማለን።