የደራርቱን ዙር በኢተያ ትምህርት ቤቶች እናስተምር

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተሮጠ። ከፊት ኤላና ማየር የተባለች ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ትመራለች፤ የ20 ዓመቷ የበቆጂ ልጅ ደራርቱ ቱሉ እግር በእግር ትከተላታለች። ብዙ ዙር እንዲሁ ሄዱ። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ደራርቱ አፈተለከች። በ31 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ጨረሰች፤ ማየር 6 ሴኮንድ ያህል ዘግይታ ገባች። ደራርቱ ወርቁን አገኘሁ ብላ ብቻዋን ለመጨፈር አልሮጠችም። ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ።

አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ያልሰማ የለም። የወርቁን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ዙር ለዓለም ምን እንደነበረ ግን ለልጆቻችን ቁጭ ብለን የነገርናቸው አይመስለኝም። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

ነገሩ ከሮም ይጀምራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለእኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በዚያው ኦሎምፒክ ደቡብ አፍሪካ ነጮችን ብቻ አሰልፋ ተወዳድራ ነበር። ከሮም በኋላ በአፓርታይድ ምክንያት በሩ ተዘጋባት፤ 32 ዓመት ከኦሎምፒክ ውጭ ቆየች። የተመለሰችው ባርሴሎና ላይ ነው። ያኔም ቢሆን አፓርታይድ ገና አፈር አልለበሰም። የአገሪቱ ጥቁር ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በዚያች ምሽት የሆነውን አስቡት። ከደራርቱ በፊት የሞሮኮዋ ናዋል ኤል ሙታዋኪል በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወርቅ አምጥታለች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች ግን ደራርቱ የመጀመሪያዋ ናት። ጥቁርን ሰው ሙሉ ዜጋ አድርጎ ከማያይ አገር የመጣችውን ሯጭ እጅዋን የያዘችው እሷ ናት። አሸናፊዋም፣ እንኳን ተመለሳችሁ ባይዋም የገበሬ ልጅ የሆነች የአርሲ ሴት ነበረች። ማንም አላዘዛትም፤ ንግግርም አላደረገች። ማየርም ብትሆን በአገሯ ኃጢአት ምክንያት ዓመታት ከውድድር የተከለከለች ጎበዝ ሯጭ ናት፤ በአክብሮት ተቀበለቻት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ብዙ ነገር በአንድ ዙር የተናገረ ሰው ማግኘት ይከብደኛል።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው በፌብሯሪ ወር ከትምህርት ቤት ምን ይዘው እንደሚመጡ ያውቃሉ። በአሜሪካ ያ ወር የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው። መነሻው ካርተር ዉድሰን የሚባል ሰው ነው። ወላጆቹ ባሪያ ሆነው የኖሩ፣ እሱም ከሰል ማዕድን ውስጥ ሠርቶ ዘግይቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን የያዘ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1926 በትምህርት ቤቶች የሚከበር አንድ ሳምንት አስጀመረ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ሳምንቱ ወር ሆነ። ዉድሰንን ያስጨነቀው የሐውልት ማነስ አልነበረም። ጥቁር ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ የራሱን ሰዎች ሥራ አለማግኘቱ ነበር።

ያ ወር ከእኛው የካቲት ጋር ይገጣጠማል። የሰማዕታት ቀን የካቲት 12 ነው፤ አድዋ የካቲት 23። ልጆቻችን የአገር ልብስ ለብሰው፣ ጋሻና ጦር ይዘው አድዋን ያከብራሉ፤ ጥሩ ነው። እኛ አካባቢ ግን ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ አይነገርም። በምኒልክ ዘመቻ ለተጎዱ የአርሲ ኦሮሞዎች መታሰቢያ የሆነው የአኖሌ ሐውልት የቆመው በእኛው በሂጦሳ ወረዳ ነው። በአንዲት አገር ታሪክ ውስጥ አድዋም አኖሌም አሉ፤ ልጅ ሁለቱንም ማወቅ አለበት፤ አንዱን ለሌላው ብሎ መደበቅ አያሳድገውም። የሩጫው ታሪክ ከእነዚህ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ቢቆም እወዳለሁ። የኢተያ ልጅ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት፣ ሳይከፋው የሚሰማው ታሪክ ነውና።

አገር ቤት ስለ ጥቁርነት ብዙ አናወራም። ለእኛ ተራ የሆነው ነገር ለሌላው ጥቁር ሕዝብ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ኔልሰን ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ ደነገጠ። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሲያበር አይቶ አያውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶም በራሱ ድንጋጤ ተገረመ፤ አፓርታይድ እሱን ራሱን ምን ያህል እንደመረዘው ገባው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ ስንት ጥቁር ልጃገረድ ከአእምሮዋ እንደዚህ ያለ መርዝ እንደወጣላት ማን ሊቆጥር ይችላል?

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከኢተያ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በኩሉምሳ አድርጎ አሰላ ይገባል፤ ከዚያ ሳጉሬ፣ ከዚያ በቆጂ። በዚህ አንድ መንገድ ላይ የተወለዱት ሰዎች ያስገኙትን ወርቅ ብዙ አገሮች በታሪካቸው አላዩትም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ደብተሩን በግራ ክንዱ ሥር ይዞ ስለነበር ትልቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ግራ እጁ እንደታጠፈ ቀርቷል። የ7 ዓመት ልጅ ሳለ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሰምቷል። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፤ በማግስቱ ኃይሌ 10 ሺውን ወሰደ። አትላንታ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለደባት ከተማ ናት። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት የአርሲ ልጆች በዚያች ከተማ ወርቅ አጠለቁ። ይህን ለአንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ካርታ ዘርግቶ ማሳየት እንዴት ያለ ትምህርት ይሆን ነበር!

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የበቆጂው መምህር ነው። ስንታየሁ እሸቱ ከሐረር መጥቶ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምር ነበር። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጁ አልፈዋል። አንድ የስፖርት መምህር፣ አንድ ሜዳ፣ ፉጨትና ሰዓት። ዓለም የአርሲን ሯጮች ምስጢር በአየሩ፣ በከፍታው፣ በእንጀራው ሲፈልግ ኖሯል፤ ከፍታውስ ይረዳል፣ ግን ተራራ ያለበት አገር ሁሉ ደራርቱን አላፈራም። ልጅቷን አይቶ ነይ ብሎ የጠራ መምህር ነበራት። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ እዚያ ነው፤ የጥቁር ሕዝብ ትልቅ ሥራ በእኛ አገር የተጀመረው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው።

ደግሞ ልጆቻችን ጥቁር ሰው የሚያሸንፈው በእግሩ ብቻ ነው ብለው እንዳያድጉ እፈራለሁ። ኢተያ የስንዴ አገር ነው፤ ኩሉምሳ ደግሞ ደጃችን ላይ ያለ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን ዝርያዎች እንዴት እንደጨረሰ የአርሲ ገበሬ አይረሳውም። ያኔ እርሻውን ያስቀጠሉት ካካባና ዳንዳአን የመሰሉ ከኩሉምሳ የወጡ ዝርያዎች ናቸው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና ዲገሉ የተባለውን ዝርያ መታ፤ ተመራማሪዎቹም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዋግ ራሱን እየለወጠ ስለሚመጣ ሥራቸው ማለቂያ የለውም። እነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ አልወጡም፣ ብሔራዊ መዝሙርም አልተዘመረላቸውም። ቤታችን ያለው ዳቦ ግን የእነሱ እጅ አለበት። ብዙ ልጆቻችን በማዕከሉ አጥር ሥር በመኪና እያለፉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የነገራቸው የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። መምህራን፣ በመጪው የካቲት በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ 10 ደቂቃ ስጡት። አንድ ቀን የአበበን፣ አንድ ቀን የደራርቱንና የማየርን፣ አንድ ቀን የፋጡማን ታሪክ አንድ ተማሪ ቆሞ ይናገር፤ በሚቀናው ቋንቋ ይናገር። የትምህርት ቤቱ ሚኒሚዲያ የሩጫዎቹን የድምፅ ቅጂዎች ካገኘ ያጫውት። የታሪክ ክበቡ ልጆችን ወደ ሰፈር ይላክ፤ የባርሴሎናን ሩጫ በሬዲዮ የሰሙ፣ ኃይሌ ደብተሩን ይዞ ሲሮጥ ያዩ እናቶችና አባቶች ዛሬም አሉ፤ ትዝታቸው ሳይጻፍ እንዳያልፍ። የሳይንስ መምህሩ ደግሞ ተማሪዎቹን ይዞ ኩሉምሳ ይሂድ፣ ከአንድ ተመራማሪ ጋር ዋግ የመታውን ቅጠል በእጃቸው ይንኩት።

ውጭ ያላችሁ የኢተያና የአሰላ ልጆች፣ ልጆቻችሁ በፌብሯሪ ስለ ጥቁር ጀግኖች ጽፋችሁ ኑ ሲባሉ ደራርቱን ይዘው ይሂዱ። የጻፉትንም እዚህ ላሉ እኩዮቻቸው ይላኩ፤ የእኛዎቹም የራሳቸውን ይልካሉ። መምህር የሆናችሁ፣ በዚህ የካቲት የምትጀምሩ ትምህርት ቤቶች ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ የተማሪዎቹን ጽሑፍ እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።