ልብን ከአሥራ ሁለት አቅጣጫ

አባቴ ደረቱን ሲወጋው «የአጨዳ ድካም ነው» ይላል። በኅዳር፣ ከዞብል ተራራ ግርጌ ያለው ሜዳ ማሽላ ሲታጨድበት፣ የራያ ገበሬ አመመኝ ብሎ መተኛትን ነውር ያደርገዋል። እኔ ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥቼ ነበርና ለምኜም ተቆጥቼም ቆቦ ከተማ ሕክምና ወሰድኩት።

ነርሱ እጆቹና እግሮቹ ላይ አራት፣ ደረቱ ላይ ስድስት ኤሌክትሮዶች አደረገለት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይነዝራል?»

«አይ አባባ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከእርስዎ ነው።»

ቢዝነስ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ፊዚክስ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ያቺ መልስ ግን አላስተኛኝ አለችና ማታ ሳነብ አመሸሁ። ልብ ሊመታ ሲል የኤሌክትሪክ ሞገድ በጡንቻው ውስጥ ያልፋል። ሞገዱ የደረሰበትና ያልደረሰበት ክፍል ቻርጃቸው ስለሚለያይ፣ ልብ በዚያች ቅጽበት ጎን ለጎን የተቀመጡ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይመስላል። ዳይፖል የሚባለው ይኼ ነው። በፖዘቲቩ በኩል ፖቴንሻሉ ከዜሮ በላይ፣ በኔጋቲቩ በኩል ከዜሮ በታች ነው። ከሁለቱ እኩል በሚርቅ ቦታ ላይ ግን ይጣፋሉ፤ እዚያ የቆመ መለኪያ ምንም አያይም! ራቅ ሲሉም ቶሎ ይደክማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፖቴንሻሉ ሩብ ይሆናል። ቆዳ ላይ የሚለካው 1 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ 1,500 ነው።

ኢሲጂ በአሥር ኤሌክትሮዶች ከ12 አቅጣጫ የሚያየው ለዚህ ነው። ከአንዱ ጎን የተሰወረው ከሌላው ይታያል። የእጅና የእግሩን አሠራር የቀየሰው ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን በ1924 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሞበታል።

የአባዬ የመጀመሪያ ወረቀት ሲወጣ ነርሱ ፊቱን ቋጠረ። በመጀመሪያው መስመር ሽቅብ መሾል የነበረበት ቁልቁል ወርዷል። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ። እሱ ግን ወረቀቱን ትቶ የአባዬን እጆች አየና የግራና የቀኙን ገመድ አቀያየረ። ሁለተኛው ወረቀት ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አላልኩሽም?» አለ አባዬ ሸሚዙን እየቆለፈ።

«ሕመሙ በሌለበት ሰዓት የተነሳ ነው አባባ። ይሄ ብቻ አያረጋግጥም፤ ሐኪሙ ሳያይዎት አይሄዱም።»

ሐኪሙ የደም ምርመራ አዘዘ፤ ኢሲጂውም እንዲደገም። ወረፋ ላይ ሳለን ወንድሜ ደወለ። ማሽላውን በደቦ ሊያጭዱት ተስማምተዋል። አባዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ወፍ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ይጠይቀው ጀመር።