በድሬ ዳዋ የጨዋታ ቤት ስለ ተመገብነው ማዕድ

ባለፈው ታኅሣሥ ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራችን የዕረፍት ፈቃድ ተቀብለን፥ እናታችንንና ቤተ ሰባችንን ይዘን በ19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን ተሳለምን። ከቅዳሴም በኋላ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ ዳዋ ወረድን። በደጋው ጋቢ ደርቦ የዋለ ሰው ከደንገጎ በታች ሲደርስ ጋቢውን ማውለቅ ግድ ይሆንበታል፤ ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1200 ሜትር ያህል ብቻ ነውና።

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የጅቡቲው ሐዲድ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ሆነ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ አዲሲቱ ከተማ አዲስ ሐረር ተባለች። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ከሁለት ይከፍላታል። ባንዱ ወገን መጋላ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ የባቡሩ ሰዎች የሠሩት፥ መንገዱ በገመድ እንደ ተለካ ቀጥ ያለው ከዚራ አለ።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነበረና እናታችን ዘጠኝ ሰዓት አልፎም ገና እህል አልቀመሱም ነበር። ዕድሜአቸው ከሰባ አልፎአል፤ ሙቀቱም አድክሞአቸው ክንዳችንን ተደግፈው ይሄዱ ነበር። ወደ ሁለት ምግብ ቤቶች ብንገባ ከቁልቢ በተመለሰው ሕዝብ ምክንያት የጾሙ ምግብ አልቆአል አሉን። በመጨረሻም አንድ መንገደኛ በከዚራ ወዳለ የጨዋታ ቤት አመለከተን።

በግቢው ውስጥ ሰዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው የብረት ኳስ እየወረወሩ ፔታንክ ይጫወታሉ፤ ይህም ጨዋታ ከፈረንሳዮቹ የባቡር ሠራተኞች የተወረሰ ነው ይባላል። ከውስጥም የከረምቦላ ድምፅና የሳቅ ጩኸት ይሰማል። እኛም በልባችን፦ እንዲህ ባለ ቤት ከደረቀ ዳቦ በቀር ምን ይገኛል? አሮጊት እናትንስ ይዞ መግባት ለመንግሥት ሠራተኛ ይገባልን? ብለን ከበሩ ላይ ቆምን።

በዚህ ጊዜ የቤቱ ባለቤት፥ ሻሽ ያሰሩ ሙስሊም ሴት ወይዘሮ፥ ወጥተው እናታችንን «እማማ፥ ምን ቆመሻል? ግቢ እንጂ! ፀሐዩ ይጎዳሻል» አሉአቸው። «አንቺ» መባላቸው ጆሮአችንን ቆረቆረው። ነገር ግን በሐረርጌ አንተና አንቺ መባባል የፍቅር እንጂ የንቀት አለመሆኑን ኋላ አስተዋልን።

እናታችንም «ልጄ፥ ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋ በነካው ድስት የተሠራ አልቀምስም» ሲሉ ወይዘሮዪቱ «አውቃለሁ እማማ፤ ዛሬ ቁልቢ አይደለም እንዴ? ለናንተ ብዬ የለየሁት ድስት አለ። ነይ፥ ማድ ቤት ገብተሽ በዓይንሽ እዪው» ብለው መለሱ። እናታችን ገቡ፤ ጥቂት ቆይተውም ወጡና «ተቀመጡ» አሉን። ከዚህ ወዲያ የምንጨምረው ቃል አልነበረንም።

ማዕዱም መጣ። ከሙን የገባበት ፉል፥ ዘይት ፈሶበትና ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፎበት፥ ከትኩስ ዳቦ ጋራ ቀረበ። ሄልና ቀረፋ የሸተተው ሩዝ፥ ከዘይቱ ገና የወጣ የምስር ሳምቡሳ፥ አፍ የሚያቃጥል በስባስ ተከተለ፤ ከዚያም ፓፓያና ብርቱካን፥ በመጨረሻም የቅመም ሻይ ሆነ። በትልልቅ ሆቴሎች ከቀመስነው የጾም ምግብ ይህን የሚያህል አላገኘንም።

ይሁን እንጂ ከምግቡ ይልቅ በልባችን የቀረው ሌላ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለየእርዱ ስለሚጠነቀቅ፥ ጎረቤቶች እንኳ በድግስ ቀን ማዕዳቸው ልዩ ልዩ ነው። በዚያ ቀን ግን ሥጋ ስለሌለ የሚለያየን ነገር አልነበረም፤ ወይዘሮዪቱም ከኛው ትሪ ተካፍለው በሉ። እናታችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙስሊም ሴት በእጃቸው አጎረሱ። ጾም ሰውን ከማዕድ የሚያርቅ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ወደ አንድ ማዕድም ያቀርባል።

ሒሳብ ስንከፍል ወይዘሮዪቱ የሁላችንን ተቀብለው የእናታችንን ግን መለሱልን። «የእናት ምሳ አይቆጠርም» አሉ። እናታችንም ቆመው ረጅም ምርቃት መረቁአቸው።

ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ እንደማይጸና ስንጽፍ የምንውል እኛ፥ በዚያ ቤት በር ላይ ምስክር ሳንሰማ ፈርደን ነበር። ይግባኙን ያየችልን እናታችን ናት፤ እርስዋም ፍርዱን የሻረችው ማድ ቤት ገብታ ድስቱን በዓይንዋ አይታ ነው።